የዚያ ሐሙስ ጉልባን

ሰው የበላው እህል ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚሆን የተማርኩት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ምነው ያን ቀን ባመመኝና ከክፍል በቀረሁ ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነበር የምማረው። የሳይንስ መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ብርዱ አልለመድ ብሎት ካፖርቱን ሳያወልቅ ያስተምር ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ለያንዳንዳችን ቁራሽ ዳቦ አደለንና «ሳትውጡ አኝኩት፤ እየቆየ ይጣፍጣችኋል» አለን። ምራቅ እህልን ወደ ስኳር እንደሚለውጥ በገዛ አፋችን ሊያሳየን ነው። ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንድም አፍ አልተንቀሳቀሰም። ረቡዕ ጾም ነው፤ ጊዜው ደግሞ ገና ሦስት ሰዓት። መምህሩ ተቆጣ፣ ጠየቀ፣ ነገሩ ሲገባው ሳቀ፤ ዳቦውን መልሶ ሰበሰበና ጠመኔውን አነሣ።

ሰሌዳው ላይ ከአፍ ጀምሮ አንድ ረጅም ቱቦ ሳለ። ጥርስ ይሰብራል፤ ምራቅ ያርሳል፤ ጉሮሮ ወደ ታች ይገፋል። ጨጓራ እንደ አቁማዳ ይቀበልና በኮምጣጣ ውሃ እያሸ ያልመዋል። ከዚያ ሐሞት ይጨመርበታል፣ ቀጭኑ አንጀት ይረከበዋል፣ የሚጠቅመው ወደ ደም ይገባል፤ የተረፈው ወደ ወፍራሙ አንጀት ወርዶ ውሃው ይመጠጥና ይወጣል። «ምግብ በደኅና ሰው ጨጓራ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ይቆያል» አለ። «በደኅና ሰው» የሚለውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ስለዚህ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ለፋሲካ ዕረፍት ወላጆቼ ወዳሉበት ወደ አንኮበር የሄድኩት ወደ አልዩ አምባ ከሚመለሱ ነጋዴዎች ጋር ነው፤ እኔ በእግሬ፣ ደብተሬ በበቅሏቸው ጭነት ላይ። ያን ጊዜ ከደብተሬ የሚበልጥ ዕቃ አልነበረኝም፤ በየዕረፍቱ እየዞርኩ አለመውደቁን አይ ነበር።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የመንጋጋ ጥርሳቸው ግማሹ ያለቀ። ሰዓት የላቸውም፤ በሁዳዴ ወደ ቅዳሴ የሚገባበትን ጊዜ የሚያውቁት ደጅ ቆመው የራሳቸውን ጥላ በእግራቸው እየለኩ ነበር፤ ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም። ገና ከመግባቴ «ምን ተማርሽ?» አሉኝ። ደብተሬን ዘርግቼ ቱቦውን አሳየኋቸው። በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት።

«እንግዲያ ሆዳችን ወፍጮ ነው በይኛ» አሉ።

«ከወፍጮም ይበልጣል አባባ። ወፍጮ ስንዴን ዱቄት ነው የሚያደርገው፤ ሆድ ሰው ያደርገዋል።»

ደስ አላቸው። ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? «ቁርባኑስ?» አልኩ። እናቴ ከጓዳ «ኧረ አንቺ ልጅ» አለች። አባቴ ግን አልተቆጡም። ቅዱስ ቁርባን እንደ እህል በዚህ መንገድ ወርዶ የሚወጣ እንዳልሆነ፣ ከተቀበለው ሰው ጋር እንደሚዋሐድ ነገሩኝ። ቆራቢ በዚያ ቀን ምራቁን የማይተፋው፣ ማስመለስ ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው ለዚህ ነው። ካህን ላይ ሲደርስ ከመቅደስ እስከ መከልከል ያደርሳል። ይህን ብለው ወደ ሥዕሉ ተመለሱና «ጨጓራ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል ነው ያለው መምህርሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሦስት አራት» አልኩ።

የጸሎተ ሐሙስ ቅዳሴ ድምፅ አይወጣበትም፤ ካህናቱ በለሆሳስ ነው የሚቀድሱት። ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ወጥቶ ቅጥር ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ ከሴቶች በር ቆሜ የአባቴን ድምፅ ብፈልግ አጣሁት። ያን ቀን ጥላ የሚባል ነገር መሬት ላይ አልወደቀም፤ ሰዓቱን በልማድ ገምተው ነው የገቡት። ቀደሱ፣ ቆረቡ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይሆናል ያልነው ላይ ተፈጸመና ወደ ቤት መጣን።

እናቴ ጉልባኑን አቀረበች። ክክ ባቄላና ስንዴ ነው፤ ከጨው በቀር ምንም ያልገባበት ንፍሮ፣ የጸሎተ ሐሙስ ምግብ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ስለሚያከፍሉ እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ አይቀምሱም። ከጠዋት ጀምረው ሲሰግዱ ውለው ርቧቸዋል። የመንጋጋ ጥርሳቸው ስለጎደለ ስንዴውን እምብዛም ሳያኝኩ ይውጡታል፤ እናቴም «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» እያለች ትደግማለች። በዚያ ቀን በየቤቱ የሚደረግ ነው።

ሲመሽ ሆዳቸው ተነፋ። መጀመሪያ ጎናቸውን ያዙ፤ ኋላ መደቡ ላይ እጥፍጥፍ ብለው ተኙ። በእጄ ብነካው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እናቴ ፌጦ በጥብጣ አመጣች፤ ያስመልሰኛል ብለው እምቢ አሉ። ላብ በግንባራቸው እየወረደ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ይዘዋል። ሽቅብ በመጣባቸው ቁጥር አንገታቸው ይገተራል፤ መልሰው ይውጡታል። ያን የመዋጥ ድምፅ ዛሬም ሰው አጠገቤ ውሃ ሲጠጣ እሰማዋለሁ።

«ይሞቱብኛል» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበርና አመንኳት።

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። «አባባ፣ ያስመልሱት» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቁርባኑ እኮ ጨጓራዎ ላይ የለም። አልፏል። ከቆረቡ አምስት ሰዓት ሆኗል።»

ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ። «ቆጥረሻል?»

«ቆጥሬአለሁ።»

«መምህርሽ እንዲያ ነው ያለው?»

«እንዲያ ነው ያለው።»

ምኑን ነው የቆጠርኩት? ሰዓት የለን፣ ጥላ የለ፣ የነበረው ጉም ብቻ። አምስት ሰዓት ይሁን ሦስት የማውቀው ነገር አልነበረም። «በደኅና ሰው» የሚለውን ደግሞ አውቄ ነው የዋጥኩት፤ መደቡ ላይ የተኛው ሰው ደኅና እንዳልሆነ ማንም ያየዋል። እኔ አባቴን ነበር የፈለግሁት። የቁርባኑ ነገር ያን ሰዓት ግድም አልሰጠኝ።

አመኑኝ። ገል አቀረብኩላቸው፤ አስመለሱ።

ኩራዙን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስንዴው ነበር። አንድም ፍሬ አልፈረሰም፤ እንደገባ ወጥቷል። ባቄላውም ክክነቱን አልለቀቀም። ስንዴው ካልወረደ ከስንዴው በፊት የገባውስ? ይህን የጠየቅሁት እዚያው ኩራዙን ይዤ ነው።

አባቴ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ምን ወጣ?» አሉኝ።

«ውሃ ብቻ ነው አባባ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ገሉን ከእጄ ተቀበለችና በነጠላዋ ሸፍና ወጣች።

ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጠዋት ሆዳቸው ጎድሎ ነበር፤ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ለስቅለት ስግደት ሄዱ። እናቴ የት እንደቀበረችው አልጠየቅኋትም። ከጓሮው ጽድ ሥር አፈሩ አዲስ ነው፤ እግር እንዳይረግጠው ዙሪያውን በእሾህ አጥራዋለች። አባቴ በዚያ በኩል ሲያልፉ ይህ አጥር ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ አልሰማሁም። በትንሣኤ ቅዳሴም መቅደስ አልገቡም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከሕዝቡ ጋር ቆሙ። ጉልበቴ ከዳኝ አሉ፤ እውነት መሰለኝ። በሳምንቱ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ክረምት ስመጣ እንደ ወትሯቸው ይቀድሳሉ። ያኔ ነው መከራዬ የጀመረው። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፃቸው ሲወጣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስባለሁ። እዚያ ውስጥ ያሉት በኔ ውሸት ነው እላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። አልፈጀውም። ብዙ ሌሊት ስንዴው ይታየኛል፤ በኩራዙ ብርሃን እርጥብ ሆኖ፣ አንድ በአንድ፣ ቢዘሩት የሚበቅል መስሎ።

ቆይቼ አስተማሪ ሆንኩ፤ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ያንኑ ትምህርት። በየዓመቱ ያን ቱቦ ሰሌዳ ላይ የምሥለው እኔው ሆንኩ። ጨጓራ ላይ ስደርስ «በደኅና ሰው» እላለሁ፤ እደግመዋለሁ፤ ጻፉት እላለሁ። ተማሪዎቼ በዕረፍት ሰዓት «ደኅና ሰው ነህ?» እየተባባሉ ሲያሾፉብኝ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። ተጨማሪ መጻሕፍት ሳነብ ደግሞ ሕመም ሲበረታ ጨጓራ ሥራውን እንደሚያቆም፣ ገና ያልላመ እህል ለብዙ ሰዓት ይዞ እንደሚቀመጥ ተረዳሁ። መጽሐፉን ዘግቼ ከቤት ወጣሁ፤ የብርዱ ነፋስ ፊቴን እስኪያደነዝዘው ድረስ በመንገዱ ዳር ተመላለስኩ።

ከዚያ ፋሲካ በኋላ ስምንት ፋሲካ አንኮበር ሄጃለሁ። ልመለስ ስል አባቴ እስከ ገበያው መንገድ ይሸኙኛል። መስቀላቸውን ካሳለሙኝ በኋላ ሁልጊዜ «የምትነግሪኝ ነገር አለ ልጄ?» ይሉኛል። «ምንም የለ አባባ» እላለሁ። አንድ ዓመት አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸውም ጠጋ አሉኝ። ግን ብናገር ከመቅደስ ይወጣሉ፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ የሚያውቁት ሥራ የላቸውም ብዬ ዘጋሁት። ያ ሰበብ ነው። እውነቱ ፈርቼ ነው፤ ያመኑኝ ሰው ዓይናቸው ሲለወጥ ማየት ፈርቼ።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። መልእክቱ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ተቀብረው ነበር።

የአርባቸው ተዝካር ካለፈ በኋላ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ቀረን። እሷ የአባቴን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ያኔ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰዓቱን እንዳልቆጠርኩ፣ መምህሩ ያለውን ቆርጬ እንዳስቀረሁ፣ ውሃ ብቻ ነው ያልኩትም ውሸት እንደነበር። «ስምንት ዓመት ሙሉ ሳያውቁ ቀደሱ። ያስገባኋቸው እኔ ነኝ» አልኳት እያለቀስኩ።

እጇ አላቆመም። «ማን ሳያውቅ?» አለችኝ። «አርብ ጠዋት ከስግደቱ በፊት ነገርኳቸው እኮ። በዓይኔ አይቼ ዝም ብዬ መቅደስ ላስገባቸው ኖሯል? ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ፤ ቀኖና ተቀበሉ፤ እስከ ሰኔ ድረስ ደጅ ቆመው ነው ያስቀደሱት። ፈጽመው ነው የተመለሱ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኔማ ልነግርሽ ነበር፤ እሳቸው ናቸው የከለከሉኝ። ልጅቱ ለኔ ሳስታ ነው የዋሸችው፤ አልቆጣትም፤ ግን ራሷ መጥታ ትንገረኝ፣ ያኔ ይቀላታል አሉ። በየዓመቱ አንቺን ሸኝተው ሲመለሱ ደጅ ቆሜ አያቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቁና ይገባሉ።»

ጋቢያቸውን አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ አኖረችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር።

«ጠበቁሽ» አለችኝ። «አልመጣሽም።»