ፊት ከኮፍያ ጥላ ሥር

በደርግ ዘመን አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ካሜራዬ ብርሃን መለኪያ ስላልነበረው በጥላዬ እለካ ነበር። መሬት ላይ ጠርዙ እንደ ቢላ ከተሳለ የሌንሱን ቀዳዳ አጠብባለሁ፤ ከደበዘዘ አሰፋለሁ። የአዋሽ ቀትር ግን ያታልላል። መሬቱ ነጭ ስለሆነ ዓይንህ በእሱ ከለካ ሰው ከሰል ሆኖ ይወጣል።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ መጣ። ከበላይ አካል እንግዳ ስለሚመጣ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ከተሰቀለው መፈክር ሥር አነሣው ዘንድ አዘዘኝ።

«ፊታቸውም መፈክሩም ጥርት ብሎ ይውጣ። ታች ሰፈር ያለው ፎቶ አንሺ አበላሽቶ አሻጥር ነው መባሉን ሰምተሃል አይደል?»

ሰምቼ ነበር። ከተወሰደ ወዲህ ሱቁ አልተከፈተም።

እንግዳው የደረሰው በቀትር ነው። የኮፍያው ጥላ እስከ አፍንጫው ወርዷል። ከኋላው በነጭ አቡጀዲ ላይ የተጻፈውን መፈክር ፀሐይ ታነድደዋለች። ለፊቱ ብዬ ቀዳዳውን ብከፍት ፊደሎቹ በብርሃን ይዋጣሉ፤ ለፊደሎቹ ባጠብበው ፊቱ ይጠቁራል። ኮፍያዎን ያውልቁ የሚል ደግሞ አልተወለደም። ወደ ጥላዬ አየሁ።

ከጎኔ የነበረ ወሎዬ ባለ ሻይ ቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አብሽር! ከሰል ካደረግኸውም እኔ ሻይ አፈላበታለሁ።»

«ዝም በል፣ ታስጨርሰኛለህ!»

«ምን ትጠብቃለህ አንተ?» ብሎ ካድሬው ከእንግዳው ጎን እንደቆመ ጮኸ።

ፊቱን መረጥሁ። ቀዳዳውን ከፍቼ ማንሻውን ተጫንሁ። እንግዳው ድገመኝ ሳይል መኪናው ውስጥ ገባ።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ማጠቢያ መድኃኒቱ ውስጥ ሳስተኛ መጀመሪያ ኮፍያው መጣ፤ ቀጥሎ አፍንጫው፣ ከዚያ ሁለት ዓይኖች። ከኋላው ያለው ጨርቅ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። አንድም ፊደል የለም።

ካድሬው ፎቶውን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ተጠጋ።

«መፈክሩስ?»

«ጓድ፣ ፀሐይዋ እኮ…»

«አድሃሪዋ ፀሐይ ናት በለኛ!»

አልሳቀም። ከእንግዳው ጎን የቆመውን የራሱን ፊት አገኘና ብዙ አየው። ሊቀድደው ነው ስል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«መፈክሩን በእጅህ ጻፍበት። አሁን፣ እያየሁህ።»

ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ፎቶ ላይ ጠባሳ የምሸፍንባትን ቀጭን ብሩሽ ቀለም ውስጥ ነከርኋት። የማተሚያ ወረቀቴ አልቆ ስለነበር እጄ ቢስት ለእንግዳው የሚቀርብ ሌላ ፎቶ አልነበረም። የመጀመሪያውን ፊደል እስክጨርስ አልተነፈስሁም።