ከውስጥ የሚከፈት በር

ጋሽ ይክፈቱልኝ ይህን ስም እናታቸው አላወጡላቸውም። ቁልፉ በር ውስጥ የተሰበረበት፣ ሕፃን ልጁ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የቆለፈበት፣ ሁሉም እያለከለከ መጥቶ «ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ!» ስለሚል ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ። ቁልፍ ሲሠሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሱቃቸው በሁለት ሕንፃዎች መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ነገር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። እሳቸው ደግሞ ጨዋታ ካገኙ ሥራ አይታያቸውም።

አንድ ግን የማይቀልዱበት ነገር አላቸው። የመኝታ ክፍል ቁልፍ ከገጠሙ፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ የሚሰጡት ለጠራቸው ሰው ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ለሚተኛው ነው። ከውጭ ብቻ የሚቆለፍ ከሆነ ጭራሽ አይገጥሙም። በዚህ የተነሳ «ግትር ሽማግሌ» ብሎ ዕቃቸውን የወረወረባቸው አለ። ዕቃቸውን ለቃቅመው ሄደዋል።

ይህ አመል ዝም ብሎ አልመጣም። ከዓመታት በፊት አንድ ደህና የለበሰ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ሰው መኝታ ክፍሉ ላይ ከውጭ የሚዘጋ ቁልፍ አስገጠማቸው። «ዕቃ ማስቀመጫ ላደርገው ነው» አላቸው። አልጋው ተነጥፎ በዓይናቸው እያዩ አመኑት፤ ቸኩለው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ፖሊሶች ያንኑ በር እንዲከፍቱ ጠሯቸው። ሲከፍቱት አንዲት ወጣት ሴት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ከተቆለፈባት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «እርስዎ ነዎት አይደል የገጠሙት? ወጥ ቤት ሆኜ ሲያንጎራጉሩ ሰምቼዎታለሁ» አለቻቸው። ብትሰድባቸው በተሻላቸው። አልሰደበቻቸውም።

እና በቀደም አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ማለዳ መጥቶ ቤቱ ወሰዳቸው። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ከአንድ ሴት ልጁ ጋር ነው የሚኖረው። ልጅቷ የቤት ልብሷን ለብሳ ሳሎን ቁጭ ብላለች። ሾፌሩ የልጅቷን ክፍል በር ከውጭ በኩል መታ መታ አደረገና፣ «እዚህ ጋ፣ ጠንከር ያለ» አላቸው።

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ኧረ ምንም አላጠፋችም፣ ጋሼ። አንድ ጎረምሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይከተላታል። ባለፈው ሳምንት እጇን ጎትቶ እጅጌዋን ቀደደባት። እኔ ገና ሳይነጋ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ለዚሁ ብዬ አረፈድኩ። ትምህርቱ ለጊዜው ይቅርባት፤ ካልቆለፍኩባት በምን ልቤ መሪ ልጨብጥ?»

«ያጠፋው እሱ፣ የሚቆለፍባት እሷ?»

«እሱን የት አግኝቼ ልቆልፍበት!»

ጋሽ ይክፈቱልኝ ሳቅም ንዴትም መጣባቸው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ዓይኑ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። ሄደው ቢተዉት ሌላ ቁልፍ ሰሪ እንደሚጠራ ያውቃሉ፤ በዚህ ከተማ ቁልፍ ሰሪ ሞልቷል። ልጅቷ ከዚያ በር ኋላ ልትውል ነው፣ እሳቸው ገጠሙም አልገጠሙም።

«እሺ፣ መጀመሪያ አንተ ግባ» አሉት።

«ለምን?»

«ግባ አልኩህ እኮ።»

ገባ። በሩን ዘጉና እጀታውን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት። ሰውየው ከውስጥ እጀታውን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ገባኝ፣ በቃ» አለ እየሳቀ። አልለቀቁም። ሳቁ ቆመ። «ጋሼ?» ቆይቶም፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «ኧረ ይክፈቱልኝ!»

ሲለቁት ግንባሩ ላብ አውጥቷል። ሰዓቱን አየ። «ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም» አለ፤ «እኔ ከንጋት እስከ ማታ ልዘጋባት ነበር።»

ከዚያ ዞር ብሎ ልጁን አያት። ያን ሁሉ ቀን እሷን የጠየቃት ነገር እንደሌለ ያኔ ነው የታወቀው። «ምን ላድርግልሽ?» አላት።

«ርእሰ መምህሯ ጋ አብረኸኝ ሂድ። ልጁን በስሙ አውቀዋለሁ። ሌሎች ሁለት ልጆችንም እንደዚሁ አድርጓቸዋል፤ አንተ ከመጣህ እንናገራለን ብለዋል።»

«ስሙን እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀሚሷን ማፍተልተል ጀመረች። «እኔኑ ትዘጋብኛለህ ብዬ ነዋ።»

አባትየው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ይክፈቱልኝም እሱን ላለማየት የመሣሪያ ሣጥናቸውን መበርበር ጀመሩ። ትንሽ መቀርቀሪያ አወጡና ከውስጥ በኩል ገጠሙላት። «ዝጊው፣ ክፈቺው» አሏት። ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች። ውስጥ ቀረች።

ሾፌሩ የዕለቱን ሥራ ለጓደኛው በስልክ አስረክቦ፣ ጃኬቱን ደርቦ መጣ። እንደ ልማዱ እጁን ወደ እጀታው ሰደደ። መለሰው። በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

«ልጄ፣ ልግባ?»

«አሁን አይሆንም፣ አባዬ። ልብስ እየቀየርኩ ነው።»

«እሺ» አለ፤ እጆቹን አጣምሮ በሩ ፊት ቆመ። «እጠብቃለሁ።»