የጥጉ ጠረጴዛ

ፕሮፌሰሩ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሰው በመሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደሚገለል በማጥናት ነው። በዩኒቨርሲቲው ካፌ ጥግ ይዘው፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጎን መቀመጥን ማን እንደሚጠየፍ ሲያዩ ኖሩ። በዚያው ጥናት በማዕረግ ላይ ማዕረግ ደረቡ። ባልደረቦቻቸው ስለ መገለል ሲያወሩ አፋቸው ማር ነው፤ ጥጉ ጋ ሲደርሱ ግን «ተዋቸው፣ ጥናት ላይ ናቸው» ብለው ያልፋሉ። ጥናቱ ታትሞ ከወጣ በኋላም ያው ነው።

አንድ ቀን ሳህን ይዛ የምታልፍ የቀድሞ ተማሪያቸውን ጠሯት።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

«ውይ ጋሼ፣ ጥናቱን እንዳላበላሽብዎ!»

«ጥናቱማ አለቀ።»

«ታዲያ ለምን ፈለጉኝ?»

በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ብቸኝነትን ሲተነትኑ የኖሩት ሰውዬ የቡና ስኒያቸውን አዙረው አዙረው አስቀመጡ።

«አንዲት ጥያቄ ቀርታኛለች» አሉ።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቃለ መጠይቅ መስሏት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዛሬ ምሳ ምን አዘዝሽ?» አሏት።