በክር የተለኩ ልጆች

ዛሬ ጠዋት ካርቶን ስከፍት ነው የመጣብኝ። አዲስ ጨርቅ፣ ገና ውሃ ያልነካው፣ ሽታውን ታውቂዋለሽ አይደል? አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ይከረክራል። እዚህ ሰው አገር፣ ጀርሚስተን ከተማ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ስንት ካርቶን እንደቀደድኩ እኔም አላውቀውም። ብዙ ጊዜ ልብ አልለውም፤ አንዳንድ ቀን ግን ያ ሽታ እጄን ይዞ የአባቴ ሱቅ ወደነበረበት ሰፈር፣ ጀፕ ይወስደኛል። ቁጭ በይ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ልንገርሽ።

አባቴ ያስመጣኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። እናቴ ከታናናሾቼ ጋር አገር ቤት ቀረች። አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር፤ ጉራ አይሁንብኝና ከክፍሌ ሁለተኛ ነው የወጣሁት። አንደኛ የወጣው የመምህሩ ልጅ ነው፣ እሱን ተይው። አባቴ በስልክ «እዚህ እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ» ብሎኝ ስለነበር ከእናቴ ስለያይ እንኳ እንደ ሰው ልጅ አላለቀስኩም። ደብተሮቼን ለታናሽ እህቴ ሰጥቼ፣ አዲስ ይገዛልኛል ብዬ መጣሁ።

ሱቃችን ድሮ የሐኪሞች ቢሮ በነበረ ረዥም ሕንፃ ምድር ቤት ነበር። የምንሸጠው የትምህርት ቤት ልብስ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ግራጫ ካልሲ፣ ጥቁር ጫማ። እንግዲህ የኔ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው። የዚህ አገር ትምህርት ቤት የሚከፈተው ጃንዋሪ ነው። የትምህርት ቤት ልብስ የሚሸጠውም ጃንዋሪ ነው። ከሩቅ ከተማ የሚመጡት ነጋዴ ሴቶች ከታክሲ ወርደው በራችን ላይ የሚሰለፉት፣ የዓመቱ ኪራይና ቀለብ የሚወጣው ያኔ ነው። አባቴ ደግሞ ከኔ ሌላ ሰው የለውም። «ሲዝኑ ይለፍና አስመዘግብሻለሁ» አለኝ።

ሲዝኑ አለፈ። ሂልብሮው የሚባል ሰፈር ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት በእግራችን ሄድን። በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ሞልቷል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ ገና ሲገባ ኑ አለችን። ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ አይስክሬም ገዛልኝ። ጥሩ አይስክሬም ነበር፣ አልዋሽም።

በሚቀጥለው ዓመትም ጃንዋሪ ሲገባ እኔ ካልሲ እቆጥር ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ስንሄድ ያችው ሴትዮ ሞልቷል አለችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚህ በላይ ካደገች ከሕፃናት ጋር አናስቀምጣትም፣ የመጪው ዓመት የመጨረሻዋ ነው አለች። እኔም ለአባቴ ቃል በቃል ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀና በፍጥነት መራመድ ጀመረ። ያን ቀን አይስክሬም አልነበረም።

እንግሊዝኛውን ከየት አመጣሽው ትይኝ ይሆናል። ከአንቲ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትሠራ ሕንዳዊት አሮጊት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንቲ ነው የሚላት፣ አክስቴ እንደማለት። አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስናወራ ግን አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ ለምጄው እስከ ዛሬ እሷ እንዳልኳት አለሁ። ድሮ የነርሶችን ጋውን ትሰፋ ነበር አሉ። ሐኪሞቹ ሄዱ፣ ነርሶቹ ሄዱ፣ እኛ መጣን፣ እሷ ግን ከማሽኗ አልተነሳችም። ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ሲገኝ ተሸክሜ የምወጣው እኔ ነኝ። ሊፍቱ ከሞተ ዘመን ሆኖታል፤ ደረጃው ጨለማ ነው፣ ሽንት ሽንት ይላል። የአንቲ በር ሲከፈት ግን የካውያ እንፋሎትና የሄል ሽታ ይቀበልሻል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይዋ በትልቁ መስኮት ገብታ ወለሉን ሁሉ ቢጫ ታደርገዋለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ብዬ መቆም ደስ ይለኝ ነበር።

የመጣሁ ዓመት ነው፣ አንድ ቀን ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ ክሮች ተዘርግተው አገኘሁ። ወፋፍራም የጥጥ ክር፣ አንዱ ረዥም አንዱ አጭር፣ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ታስሮበታል። ምንድን ነው ብላት «ልጆች ናቸው» አለችኝ።

የአንቲ አያቶች መንደር ሕንድ ውስጥ ነው፣ ጥጥ የሚመረትበት ገጠር። የቀን ሠራተኛ ልጆች ዩኒፎርም ስለሌላቸው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ በተለይ ሴቶቹ። ወንዱስ የወንድሙን አሮጌ ይለብሳል፣ ለሴቷ ማን ይጨነቃል። አንቲ በየዓመቱ ለሴቶቹ ልጆች ሰፍታ ትልካለች። በፊት ልካቸውን በቁጥር ነበር የሚልኩላት፤ ሲገለብጡት ተሳስተው ለግማሾቹ ጠበባቸው። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ያለችው የአጎቷ ልጅ እያንዳንዷን ልጅ ግድግዳ አስደግፋ፣ ከራስ ቅሏ እስከ ተረከዟ ክር ትቆርጣለች። ለዲሴምበር እረፍት ሕንድ የሄዱ ዘመዶቿ ሲመለሱ ክሮቹን ያመጡላታል።

«ስፋታቸውስ?» አልኳት።

«ሁሉም ከሲታ ናቸው፣ ስፋት አያስፈልገኝም» አለች።

ከክሮቹ አንዱን አንስታ አናቴ ላይ አድርጋ ለቀቀችው። ጫፉ ልክ ተረከዜ ሥር አረፈ። አንቲ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ አየችኝና «ማይ ገርል፣ አንቺን ፈልጌ ነበር» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያችን ልጅ ልብስ እኔ ላይ ነበር የምትለካው። ስሟን ነግራኝ ነበር፤ አፌ ላይ ስላልተመቸኝ እኩያዬ አልኳት።

ሰማያዊ ረዥም ቀሚስና ነጭ ሱሪ ነው። እኛ አገርም ከቀሚስ ሥር ሱሪ ይለበሳል፣ እንግዳ አልሆነብኝም። በርጩማ ላይ አቁማኝ ጠርዙን ሰፋ አድርጋ ታጥፈዋለች፤ እስኪደርሳት ታድጋለች ትላለች። መርፌ አፏ ውስጥ ይዛ ስለ እኩያዬ ታወራልኛለች፤ ሒሳብ ትወዳለች፣ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው። እኔ መስታወት ውስጥ ራሴን አያለሁ። ተማሪ መስዬ። ከዚያ ልብሱን አውልቄ አጣጥፌ እመልሳለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ድሃ ናት ተብላ ልብስ በሚሰፋላት ልጅ ቀናሁ።

በሁለተኛው ዓመት ክሯ ሲመጣ በሁለት ጣት በልጣኝ ነበር። በጣም ተናደድኩ። እሷ እየተማረችም ታድጋለች፣ እኔ ካርቶን እየተሸከምኩም አላድግም ብዬ ለአንቲ ብነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

አባቴን ክፉ ሰው አድርገሽ እንዳታስቢው። ለራሱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ አያውቅም፤ ሸሚዝ እየሸጠ። እሑድ እሑድ የቀዬአችን ሰዎች ሱቃችን ጓዳ ይሰበሰቡ ነበር፤ አገር ቤት ትምህርት ቤት ለማሠራት። ሰብሳቢው አባቴ ነው። «እኛ ሳንማር ቀርተናል፣ ከእንግዲህ አንድ ልጅ ሜዳ ላይ አይቀርም» ሲል ሁሉም ዝም ብለው ይሰሙታል። ንግግር ያምርበታል። እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

ትምህርት ቤቱ ተሠርቷል፣ አልሐምዱሊላህ። አባቴ አሁን አገር ቤት ገብቷል፤ ባለፈው ልጆቹ ተሰልፈው ሲዘምሩ ቪዲዮ ልኮልኛል። ደስ ብሎኛል፣ ለምን አይለኝም። ግን እስከ መጨረሻው አላየሁትም።

በሦስተኛው ጃንዋሪ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ጥቂት ቀን ሆኖታል፣ ሸሚዝ ተሸክሜ ወጣሁ። ክሮቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የእኩያዬን ፈለግኩ፤ አንድ በአንድ ገለበጥኩ፣ የለም።

«አልመጣም» አለች አንቲ። ማሽኑን አልረገጠችውም፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የልጅቷ ቤተሰብ ጡብ የሚቃጠልበት ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝተው ሄደዋል። ጡብ ለመሸከም ደርሳለች ብለው ይዘዋት ሄዱ። «ልብስ ሰፋሁላት» አለች። «ልብስ ምን ያደርጋል? በሩ ላይ ቆሞ፣ አትሄድም፣ የሚል ሰው ነበር የሚያስፈልጋት። እኔ እዚህ ሆኜ ክር እለካለሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ? ዘንድሮ ተመዘገብሽ?»

«ሲዝን ነው» አልኳት።

አንቲ ማሽኑን ከሶኬት ነቀለች፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ጫማ አደረገች፣ የደረጃውን ብረት ይዛ እያንዳንዱን ደረጃ በሁለት እግሯ እየረገጠች ወረደች። ጉልበቷ ያማታል። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ወደ አባቴ እየሄደች እንደሆነ ገብቶኛል።

ሱቁ ጢም ብሏል። አባቴ በአንድ ጉሮሮ ደንበኞቹን በአገሬው ሰላምታ «ሳውቦና ማማ» እያለ፣ በአማርኛ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር እየተጯጯኸ፣ ዕቃ ያስራል። አንቲን ሲያይ ደነገጠ። በርጩማ ሰጣት፣ ቀዝቃዛ መጠጥ አስመጣላት። እሷ አልተቀመጠችም። የአባቴ እንግሊዝኛ ከዋጋ አያልፍም ነበርና «ንገሪው» አለችኝ።

ነገርኩት። አንቲ ቤቷ አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ታውቃታለች። አንድ ቦታ እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ይያዝልኛል። ጠዋት ጠዋት እሷ ትወስደኛለች፣ ከምሳ በኋላ ሱቅ እመለሳለሁ። ወጪውን እሷ ትችለዋለች። ትንፋሽ ሳልወስድ ነው የተናገርኩት፤ አንድ ቃል አልጎደለም።

አባቴ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ አስሮ ጨረሰ። ጎረቤቶቹም ጆሯቸውን ሰጥተዋል፣ እነዚያ እሑድ እሑድ የሚሰሙት ሰዎች።

«አላህ ይስጥልኝ በያቸው» አለ። «እሳቸው የሚረዱት የድሃ ልጆችን ነው። የኔ ልጅ አባት አላት በያቸው።»

አልኳት።

«አባት እንዳላት አውቃለሁ» አለች አንቲ። «ወደሱ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

እሱንም አልኩት። የአባቴ ፊት ቅጭም አለ። «በሚቀጥለው ዓመት እኔ ራሴ አስገባታለሁ፣ ኢንሻአላህ፣ በያቸው።»

የሚቀጥለው ዓመት እንደሌለ እሱም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፣ ከትምህርት ቤቱ ሴትዮ አፍ የሰማሁት እኔ ነኝ። «ኔክስት ይር» አልኳት።

አንቲ ከአባቴ ዓይኗን አነሳችና እኔን አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን የኔን ቃል ተይው። የራስሽን ንገሪው። መማር እፈልጋለሁ በይው፣ በራስሽ ቋንቋ፣ እዚሁ። እስክትጨርሺ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። ሸሚዙ አንገቱ ጋ ተበልቷል፣ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ጎረቤቶቹ ያዩታል። አባቴን ፈርቶ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አፌን አፌን ያያል፣ ልጅ አባቷን በሰው ፊት ምን ልትለው እንደሆነ የጠረጠረ ሰው አስተያየት።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«ደህና ዋሉ ነው የሚሉህ» አልኩት።

ትንፋሹን ለቀቀ። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። እሷም እጇን ሰጠችው፤ ዓይኗን ግን ከኔ ላይ አላነሳችም።