ምጽዋ የወረደው ቤታችን

ባለፈው ሳምንት ከሰበታ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት መኪና ቆማ አየሁ። ከኋላዋ ትንሽ ቤት ተሸክማለች፤ መስኮት አላት፣ መጋረጃ አላት፣ በሯ ላይ የሕፃን ካልሲ ተሰቅሏል። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ጥላዋ ስር ቁጭ ብለው ይበላሉ። አብራኝ የነበረችው የልጄ ልጅ «እማማ፣ ቤታቸውን ይዘው ነው እንዴ የሚዞሩት?» ብላ ተገረመች።

«እኛም ይዘን ዞረናል» አልኳት። አላመነችኝም። ልጅ አሮጊት እንዲህ ስትል ቢስቅ አይፈረድበትም።

በንጉሡ ዘመን አባቴ ቶሎሳ የአንድ ነጋዴ ትሬንታ ኳትሮ ይነዳ ነበር። ትሬንታ ኳትሮ አፍንጫው የረዘመ፣ ዳገት ሲያይ ማቃሰት የሚጀምር የጣሊያን የጭነት መኪና ነው። አባቴ የሰበታ ገበሬ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ፣ ሳቁ ከጎረቤት የሚሰማ ሰው። እናቴ ለምለም ግን የሩቅ ሰው ናት። የተወለደችው ምጽዋ ወደብ ላይ ነው። ወላጅ እናቷ በወሊድ ስትሞት ፋጥና የሚባሉ ጎረቤት ከገዛ ልጃቸው ጋር አጥብተው አሳደጓት። አባቷ የወደብ ወዛደር ነበር፤ ነፍስ ስታውቅ ይዟት ወደ መሀል አገር መጣና ሰበታ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። እሷም ከዚያ ወዲህ ባሕሩን አላየችም። የሐምሌ ጉም ሰበታን ሲውጣት ጋቢዋን ተከናንባ «አሁን እኛ አገር እሳት ነው» ትል ነበር። ሰው እንዴት ሙቀት ይናፍቀዋል እያልን እኔና ታናሽ ወንድሜ ገመቹ እንስቅባት ነበር።

ስምንተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ነጋዴው አባቴን ከምጽዋ ጨው እንዲያመጣ አዘዘው። መኪናው ሲወርድ ባዶውን ነበር።

«ባዶዬን ከምወርድ ቤቴን ጭኜ ልውረድ» አለ አባቴ።

እናቴ ተነሳች። ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

አባቴ በመኪናው የጭነት ሣጥን ላይ ጣውላ ረበረበ፤ ፍራሻችንን ዘረጋ፤ ቡታጋዙን በሽቦ አሰረ፤ ለልብስ ማስጫ ገመድ ወጠረ። ሸራው ጣሪያችን ሆነ። በእንጦጦ በኩል አልፈን መጀመሪያ ያደርነው ሱሉልታ፣ የአባቴ እህት አደ ጫልቱ ዘንድ ነው። ሜዳው ሁሉ ውሃ አቁሮ፣ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ሣር ውስጥ ቆመው ነበር። አደ ጫልቱ እርጎ አጠጡንና ለእናቴ አንድ ቅል ቅቤ ሰጧት።

«ለዚያች ላጠባችሽ ሴት ነው። ጡት ያጠባ ሰው ባዶ እጅ አይጎበኝም» አሉ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፦ «ነጋን ገላ፤ በሰላም ግቡ!»

የዓባይን በረሃ፣ የጎጃምን ጭቃ፣ የጎንደርን ዳገት አለፍን። በሶና ቋንጣ እየበላን፣ ዝናቡ ሸራው ላይ ሲደበድብ ተቃቅፈን እየተኛን። ዛሬ ስንት ምቹ አልጋ ላይ ተኝቼ ያን የመሰለ እንቅልፍ አላገኘሁም። ከአሥመራ ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ ከበላያችን ቀረ፤ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ተከፈተ። እናቴ ነጠላዋን ጣለች። «ባሕሩ ይሸታችኋል?» ትለናለች። እኛ የሸተተን የመኪናው ፍሬን ነበር።

ከዚያ ባሕሩ ታየ። ገመቹ «ሰማዩ ወደቀ እንዴ?» አለ።

መኪናችንን ከተማዋን ከየብስ በሚያገናኘው ድልድይ አጠገብ አቁመን በእግር ገባን። ምጽዋ ከባሕር ድንጋይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ግድግዳዋን ጠጋ ብለው ሲያዩት የዛጎል ቅርጽ አለበት። የእንጨት ሰገነቶቿ እንደ ጥልፍ የተቦረቦሩ፣ መንገዶቿ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ። ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛል። እናቴ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ አንዱን መንገድ ይዛ ትመለሳለች፤ በር ትዳስሳለች። በመጨረሻ አንዲት ዓሣ ሻጭ የፋጥናን ቤት በጣቷ አሳየችን።

ፋጥና በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሰሌን ይሠሩ ነበር። የተነጋገሩት በትግርኛ ነው፤ እናቴ ኋላ ደጋግማ ስላወራችው ቃሉ በአማርኛ ይታወሰኛል።

«ለምለም ነኝ» አለች። «ያጠቡኝ ለምለም።»

የአሮጊቷ እጅ ቆመ። ቀና ብለው ግን አላዩዋትም።

«ለምለም ሞታለች። መንገድ ላይ ወባ ገደላት። ነጋዴዎች ነገሩኝ፤ ተቀምጬ አልቅሼ ጨረስኩ። የሙት ስም ይዘሽ የመጣሽው ምን ፈልገሽ ነው?»

በእርግጥም ያን ጊዜ ከእናቴና ከአባቷ ጋር ይጓዝ የነበረ የሌላ ሰው ልጅ ሞቶ ነበር፤ ወሬው ምጽዋ ሲደርስ ስም ቀይሮ ደረሰ። እናቴ ይህን ልታስረዳ ሞከረች። ፋጥና ወደ ሰሌናቸው ተመለሱ።

አባቴ ክንዷን ያዘ። «በይ እንሂድ፤ ቁስላቸውን አንነካካ።»

«ቶሎሳ፣ እኔ የትም አልሄድም።»

ጫማዋን አወለቀች። በሩ ላይ የነበረውን የውሃ ቆርቆሮ አንስታ ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች ጀርባ ተሰለፈች። ፋጥና ያን ጊዜ ቀና አሉ። ሄዳ ተመልሳ ውሃውን ጋን ውስጥ እስክትገለብጥ ድረስ ዐይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

«ማንም ሁኚ ማን፣ ልጆችሽን ፀሐይ ላይ አታቁሚ» አሉ። «ግቡ።»

ለሁለት ተሰንጥቆ በርበሬ የተቀባ፣ ከሸክላ ምድጃ የወጣ ዓሣ አቀረቡልን። ገመቹ እሾሁ ወጋውና አለቀሰ። የአደ ጫልቱ ቅቤ በሙቀቱ ዘይት ሆኖ ነበር፤ ፋጥና አሸተቱትና አስቀመጡት።

ጨው እስኪጫን ቀናት አለፉ። አባቴ ከኔና ከገመቹ ጋር ወደቡን፣ የጨው ክምሩን፣ ባለሸራ ጀልባዎቹን ሲዞር እናቴ እዚያ ቤት ትውላለች፤ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች። ፋጥና «ደገኛዋ» እያሉ ይጠሯታል፤ ስሟን አይጠሩም። ወደ መኪናችን ስትመለስ ምን አሉሽ እንላታለን። «ዛሬም ደገኛዋ ነኝ» ትላለች። ትስቅ ነበር፤ ፊቷን ግን ወደ ባሕሩ ታዞራለች።

በምንነሳበት ጠዋት ፋጥና ጥቁር ሻሻቸውን ተከናንበው፣ የአደ ጫልቱን ቅል ይዘው ድልድዩን ተሻግረው መጡ። አባቴ ደግፎ መኪናው ላይ አወጣቸው። ከጨው ጆንያው በላይ የተነጠፈውን ፍራሽ፣ ቡታጋዙን፣ የልብስ ገመዱን አንድ በአንድ አዩ።

«አንቺ የት ነው የምትተኚው?»

እናቴ አሳየቻቸው። እዚያው ላይ ተቀመጡና በእጃቸው ፍራሹን ጫን ጫን አደረጉ፤ የሚመች እንደሆነ የሚፈትኑ ይመስላሉ። ከዚያ ራሷን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። ፀጉሯን በጣታቸው እየከፈሉ ያን ቅቤ ቀቧት። እስኪጨርሱ ድረስ አባቴ ሞተሩን አላስነሳም።

ሲወርዱ እጇን ይዘው እንዲህ አሏት፦

«ለምለም፣ ስትደርሺ ደህና ገባሁ ብለሽ ላኪልኝ። ያኔ የላከልኝ ሰው አልነበረም።»

አሥመራ እስክንደርስ ድረስ እናቴ አለቀሰች። አባቴ የሚያውቀው ቀልድ ሁሉ ጠፋበት።

ሰበታ በገባን ማግስት መልእክቱ በሾፌር ሄደ። ከዚያ በኋላም ወደ ምጽዋ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ ከእኛ ቤት «ለምለም ደህና ናት» የሚል ቃል ይዞ ይወርድ ነበር፤ ከዚያም «ፋጥና ደህና ናቸው» የሚል ይዞ ይመለሳል። አንድ ክረምት ሾፌሩ ያንን ቃል ሳይዝ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ መሬት ተቀምጣ አለቀሰች። ለማን ነው ብለው የጠየቁትን ጎረቤቶች «ለእናቴ» ስትላቸው እናቷ እሷን ስትወልድ መሞቷን የሚያውቁት እንኳ አልተከራከሯትም።

እናቴ ካረፈች ብዙ ጊዜ ሆነ። በመጨረሻ ሕመሟ ከአልጋዋ አጠገብ ሳለቅስ አይታኝ «ተይው ልጄ፤ እኔ በቁሜ ተለቅሶልኛል» አለችኝ። ያኔ ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር። አሁን እሷ ከደረሰችበት ዕድሜ አልፌ ሳስበው፣ የምትነግረኝ ደስታዋን ነበር። አብዛኞቻችን ስንሞት ማን እንደሚያለቅስልን ሳናውቅ እንሄዳለን። እሷ ግን ምጽዋ ሄዳ አይታው ተመለሰች።