ሱሪዬ አይዋሽም

የጓደኛዬን ባል ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ፍሬን» እያለ ነው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚመጡ ሰዎችን መኪና ያስተምራል። በእሱ በኩል ባለው ተጨማሪ ፍሬን ላይ እግሩን አድርጎ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ተማሪ ሲደነግጥ እሱ ይረግጣል። ሚስቱ ከእኔ ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የሷ ስፌት መኪና በሩ አጠገብ ነው፣ የእኔ ከመስታወቱ ሥር። እጇ ወርቅ ነው። መከራውም የመጣው ከዚሁ እጅ ነው።

ፍሬን ስኳር አለበት፤ ውፍረትም አለበት። ስኳሩን ያምናል፤ ውፍረቱን ግን ወይ ፍንክች! ክሊኒክ ሚዛን ላይ ሲያወጡት «ሚዛናችሁ ተበላሽቷል» ይላል። ሌላ ክሊኒክ ሲሄድ ደግሞ «የእናንተማ ይብሳል!» ማስረጃው ግራጫው የሠርጉ ሱሪ ነው፤ ከኮትና ከሰደርያ ጋር የተሰፋለት፣ እስከ ዛሬ የክት ልብሱ የሆነ። ቁም ነገር ያለበት ቦታ ሁሉ እሱን ለብሶ ይሄዳል። ቁልፉን ይቆልፍና ሆዱን መታ መታ እያደረገ «ሰው ይዋሻል፣ ሚዛን ይዋሻል፣ ሱሪዬ አይዋሽም!» ይላል።

የሱሪውን ጉድ የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። የተጀመረው እናቱ የሞቱ ሰሞን ነው። ያኔ ሱሪው አልቆለፍ ቢለው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ለሱሪው ይሁን ለእናቱ እሱም አያውቀው። እሷ አንጀቷ አልቻለም። የኋላውን ስፌት ተረተረችና ልብስ ሰፊ ከውስጥ ከሚተወው ትርፍ ጨርቅ ትንሽ ለቀቀችለት። በማግስቱ ቆለፈውና «ሐዘን አከሳኝ» አለ። ፊቱ ሲበራ እያየች ምን ትበል? ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅ፣ ከሠርጉ ወዲህ ለብሶት የማያውቀውን ሰደርያ ከቁም ሳጥን አወጣች፤ ከእሱ እየቆረጠች ሱሪው ላይ በኋላም በጎንም ቁራጭ ትቀጥል ጀመር። ኮቱ ይሸፍነዋል። ስንቴ «ኧረ ተይ» ብያታለሁ። «ምን ቸገረሽ፣ እሱ ደስ ካለው» ትለኛለች። ስፌቷ ግን፣ መቼም እውነት እውነት ነው፣ ከውስጥ ካልገለበጡት የት ጋ እንደተቀጠለ አይታወቅም።

በዚህ መሃል ሆስፒታል ተጠራ። ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ልብ በትልቅ ማሽን ፎቶ እያነሱ፣ በሽታውና ውፍረቱ ልብን ምን እንደሚያደርገው የሚያጠኑ ሐኪሞች ነበሩ። ወፍራሙንም ቀጭኑንም እያነሱ ያስተያያሉ። ፍሬን ደስ አለው። ሱቃችን ድረስ መጥቶ «ከቀጭኖቹ ወገን ጎድሎባቸው ነው የጠሩኝ» ሲል፣ እኔ የወደቀ መርፌ የምፈልግ መስዬ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

ግራጫውን ለብሶ፣ ሚስቱን አስከትሎ ሄደ። ልብሱን አስወልቀው ጋውን አለበሱት፣ ጠባብ ማሽን ውስጥ አስተኝተውም «ትንፋሽ ይያዙ፣ ይልቀቁ» ሲሉት ቆዩ። ሲጨርስ ግራጫውን መልሶ ለበሰ፤ ዶክተሯም፣ ገና ወጣት ናት፣ ሁለቱን ስክሪን ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ይሄ የሚመታው የእርስዎ ልብ ነው ጋሼ» አለችው። «ዙሪያውን የከበበው ነጩ ስብ ነው። የልቡ ግድግዳም ወፍሯል፤ ደም ለመቀበል ዘና ማለት እያቃተው ነው። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም?»

«በፍጹም።»

«እንግዲህ ጊዜ አለን። መድኃኒቱን ከጀመሩና ክብደትዎን ከቀነሱ ሊሻሻል ይችላል። ዝም ካልነው ግን ልብዎ ይደክማል።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የሌላ ሰው ነው። ተቀያይሮባችኋል።»

«አልተቀያየረም ጋሼ።»

«የሠርጌን ሱሪ ለብሼ ፊትሽ ተቀምጬ ስብ ትይኛለሽ? ውሸታም!»

ዶክተሯ ወደ ሚስቱ ዞረች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ጓደኛዬ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። መድኃኒቱን ተቀብለው ወጡ። እሱም ሳይከፍተው መኪናው መሳቢያ ውስጥ ወረወረውና ሁለተኛ እዚያ ቤት እንደማይደርስ ማለ።

ሱቅ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። «እንዴት እንደሚታገል ብታይው፣ ያ ልብ» አለችኝ። «ሱሪውን እኔ አሰፋሁለት፤ ልቡን ማን ያሰፋለታል?»

«ታዲያ ንገሪው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?»

«ይጠላኛል።»

«ይጥላሽ! በሕይወት ኖሮ ይጥላሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ልብሱን ሊለካ የመጣው ደንበኛ ሳይቀር ደንግጦ አየኝ። አልነገረችውም።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። አንድ ቀን ወደ ማታ ዕቃ ይዛ ስትወጣ ደረጃው መሃል ተቀምጦ አገኘችው። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምን እሆናለሁ? ጫማዬን እያሰርኩ ነው።»

ጫማው ማሰሪያ የለውም። ማጎንበስ ሲያቅተው ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዝታ ያመጣችለት ራሷ ናት። አጠገቡ ተቀመጠችና አስሮ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

በማግስቱ ግራጫውን ሱሪ በፌስታል ይዛ ሱቅ መጣች። ገለበጠችው፣ ተረተረችው፣ የሰደርያውን ቁራጮች አንድ በአንድ አወጣች። ከዚያ በሠርጋቸው ጊዜ በነበረው መስመር፣ የድሮው መርፌ በበሳው ላይ መልሳ ሰፋችው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቃታት ያን ቀን ብቻ ነው። ክሩን ያስገባሁላት እኔ ነኝ።

የቀረውን እሷ ናት የነገረችኝ። እሁድ ጠዋት «ግራጫውን ልበስ» አለችው።

«የት ልንሄድ ነው?»

«ልበሰው ብቻ።»

እግሩን ከተተ። ሱሪው ጭኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎተተ፣ እምቢ አለው። «ውሃ አስነክተሽ አጠበብሽው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷ ቁራጮቹን ከቦርሳዋ አውጥታ አልጋው ላይ ደረደረች።

«ሰደርያህ ይኸው» አለችው። «ሱሪህ ውስጥ ነው የነበረው።»

ሳቁ ቆመ። አንዱን ቁራጭ አንስቶ አገላበጠው፤ ሌላውን አጠገቡ አደረገ፤ ሌላውንም። ሁሉንም ጎን ለጎን ገጣጠመ።

«ያቺን ልጅ ውሸታም አልኳት» አለ በመጨረሻ። ቀና ብሎ አላያትም። «ሌላስ? ሌላ ምን አሰፋሽልኝ?»

«ሁሉንም። ሸሚዙንም፣ ቁምጣውንም፣ ሁሉንም።»

ሱሪው ጉልበቱ ላይ እንደተጠቀለለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እናቱ የሞቱ ሰሞን የተቀመጠበት ቦታ። ልትነካው ስትል ትከሻውን አሸሸባት። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ፊቱን ሳይመልስ የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋላት።

«መድኃኒቱ መሳቢያው ውስጥ ነው» አላት። «አንቺ አምጪው። ደረጃውን እኔ አልችለውም።»