ብረት የማይገባበት ቤት

ዲንቄን በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው የፈራኋት። ከየካ እስከ እንጦጦ እንደሷ ገር ሰው አላየሁም፤ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት።

ባሏ ነገሳ ከራጉኤል በታች፣ ባሕር ዛፉ መሀል የተሠራችውን የማግኔት ቤት ይጠብቃል። ጊዜው በሃምሳ ዓመተ ምሕረት ግድም ነው፤ የመሬትን ማግኔት የሚመረምሩ ሰዎች እዚያ መሣሪያ ተክለው ነበር። ውስጧ ጨለማ ነው። አንዲት ጭላንጭል መብራት በሚሽከረከር ወረቀት ላይ ቀንና ሌሊት መስመር ትጥላለች፤ ብረት ከተጠጋት መስመሯ ይናጋል። ስለዚህ ቤቷ በእንጨት ችንካር ነው የተሠራችው፤ አንዲት ሚስማር የለባትም። ወረቀቱን በየጠዋቱ የሚቀይረው አቶ ከበበ፣ ኮሌጅ የጨረሰ ልጅ፣ ቀበቶውንና ቁልፉን አጥር ውጪ ትቶ፣ ሱሪውን በገመድ ሸብ አድርጎ ነበር የሚገባው። እሱን ሳይ ሳቄ ያመልጠኝ ነበር።

የነገሳ ጎጆም እዚያው አጥር ውስጥ ስለነበረች ሕጉ ለሷም ሠራ። ቢላ የለ፣ መጥረቢያ የለ፣ መርፌ እንኳ የለ። ብረት የተገኘ ዕለት ነገሳ ከሥራም ከቤትም ይወጣል፤ ውሉ ይኸው ነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ዲንቄ ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ክርስትና ሳይነሱ ቀብራለች። ሾተላይ አለባት ይባላል፤ ጨቅላ የሚወስድ፣ ስሙን ሲያነሱት የሚያስፈራ ነገር። ሦስተኛውን ያረገዘችው ብረት በማይገባበት ቤት ነው። አራስ ያለ ብረት! እኔ በለጡ ያን ሁሉ ሴት ሳዋልድ ማጭድ ከትራሷ ሥር ሳላስገባ ወጥቼ አላውቅም። ብረት ባለበት ክፉ ነገር ደጃፍ አይረግጥም፤ እናቴም የእናቴ እናትም ያሉት ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ጉሙ ዛፉን ሁሉ በዋጠበት ቀን ሴት ልጅ ወለደች። እትብቱን በምላጭ ቆርጬ ምላጩን ለነገሳ ሰጠሁት፤ ውጪ ወስዶ ጣለው። እሱ ዞር ሲል ግን ማጭዴን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ከዲንቄ ትራስ ሥር ሰደድኩት። እጄን ይዛ ሳመችው። «እትዬ በለጡ፣ ይቺ እንኳ ትትረፍልኝ» አለች። አሁንም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው።

በማግስቱ ከበበ ወረቀቱን ይዞ ከች አለ። «እዚህ ቤት ብረት ገብቷል።»

ወይ ጉድ! ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፣ ወረቀቱ አሳበቀብን። ዲንቄ ልጇን እቅፍ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደግሞ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። «አዎ፣ የኔ ማጭድ ነው። ይቺ ልጅ ብትሞት ወረቀትህ ያስነሳታል?» አልኩት።

እግዜር ይስጠው፣ ሆደ ቡቡ ልጅ ነው። «ይሁን» አለ። «ግን አይነቃነቅ። ካለበት ካልተነሳ እኔ ከሂሳቤ ላይ ቀንሼ አነበዋለሁ። ከተነቃነቀ አለቆቼም ያዩታል፤ ነገሳን ያባርሩታል።»

ሳምንት ሳይሞላ ከበበ እኔ ቤት ድረስ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እትዬ በለጡ፣ ማጭዱን ማን ነው የሚያነሳው? ሁልጊዜ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል መስመሩ ይናወጣል። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ከዚያ ጸጥ ይላል።»

ነገሳን ጠየቅነው፤ በዚያ ሰዓት ውሃ ሊቀዳ ምንጭ ይወርዳል። ዲንቄን ጠየቅናት። «ልጄ ትሙት፣ እጄን አላሳረፍኩበትም። በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያ ልጆቼን የወሰደው መጥቶ ይሆን እንዴ? ማጭዱን እየገፋው?»

ከበበ እንኳ፣ ያን ሁሉ ተምሮ፣ በሩን ዞሮ አየ።

በነጋታው እኔው ራሴ ልጠብቅ ብዬ ወጣሁ። ነገሳ እንስራውን ይዞ ሲወርድ ከጓዳው ግርዶሽ ጀርባ ተቀመጥኩ። ጉሙ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ባሕር ዛፎቹ ሲንሿሹ ቆይተው እነሱም ዝም አሉ። ዲንቄ ተኝታለች፤ ሕፃኗ ከጎኗ አለች። እኔ ጸሎቴን በልቤ እያደረስኩ በሩን በሩን አያለሁ፤ የሚመጣው በበር መስሎኝ።

በበሩ ምንም አልመጣም። ዲንቄ ተነሳች።

ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል፤ ግን አያይም። እጇ ትራሱ ሥር ገባና ማጭዱን አወጣ። ልጇ አናት ላይ ቆማ አየሩን ትመታው ጀመር፤ ወዲህ፣ ወዲያ። «ዴሚ! ዴሚ!» ትላለች በኦሮምኛ፤ ሂድ፣ ሂድ ማለቷ ነው። ስለቱ ከሕፃኗ ፊት በጣት ስፋት ነው የሚያልፈው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዝቅ ሲል ሰንብቶ እንደሆነ ማን ያውቃል? እንዴት ዘልዬ እንደደረስኩ አላውቅም፤ ክንዷን ያዝኩ። አልነቃችም። ማጭዱን እጄ ላይ ትታ ተመልሳ ተኛች። ፈገግም ብላለች።

ምን ልበላት? የልጅሽ ሾተላይ አንቺው ነሽ ይባላል? ማጭዴን ይዤ ወረድኩ። እንደ ማጭድ የቆለመመ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ፈልጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ትራሷ ሥር ከተትኩላት። «ስለቱ እንዳይቆርጥሽ ጠቅልዬዋለሁ፤ እንዳትፈቺው» አልኳት። «እሺ» አለች።

ልጅቷ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከጎኗ አልጠፋሁም። ከበበ መስመሩ ቀጥ አለልኝ ብሎ ደስ አለው፤ ነገሳም ከሥራው አልተነቀለም። ልጅቷ ሎሚ ተባለች፤ ዳዴ አለች፤ ሮጠች። ዲንቄ ላገኘችው ሁሉ «የእትዬ በለጡ ማጭድ ነው ያተረፈልኝ» ትል ነበር።

ካራ ቆሬን የመሬት መንቀጥቀጥ ባፈራረሳት ዓመት ዲንቄ እንደገና አረገዘች። ወሯ ሲገባ ዳገቱን ወርዳ ደጄ ላይ ቆመች። የመጣችበትን ሳትነግረኝ ያወቅኩ መስሎኝ፣ «አይዞሽ፣ ማጭዱን ይዤ እመጣለሁ» አልኳት።

ሆዷን በእጇ ይዛ ትክ ብላ አየችኝ።

«ማጭዱን እንዳያመጡብኝ፣ እትዬ» አለች። «እንጨቱን ነው የሚያመጡልኝ። ስተኛ እጄን የሚያስሩበት ገመድም አይርሱ።»